ቅምሻ አይቆጠርም

የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ «እታለም» ይላታል። በዕድሜ የሚበልጧት ፈታዮች እታለም፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሥራ አስኪያጅም እታለም። እናቷ ያወጣችላት ስም መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው የቀረው፤ በሱ የጠራት ሰው ቢኖር ከኋላዋ ሌላ ሴትዮ የቆመች መስሏት ዞር ብላ ታያለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የካፍቴሪያው ዋና ምግብ አብሳይ ናት። በቀን ሦስት መቶ ሰው ታበላለች፤ ዝም ብላ ብታበላ ደግ ነበር፣ እሷ ግን እየተቆጣች ነው የምታበላው። «ሳህንህን ቀና አድርገህ ያዝ፣ ሾርባውን ለወለሉ ነው እንዴ የሠራሁት?» ትላለች። «አንቺ ደግሞ ይቺን ቆንጥረሽ በልተሽ ነው ያን የሚያህል ማሽን የምታንቀሳቅሺው?» ትላለች። ማንም አይቀየማትም። እጇ ይጣፍጣላ፣ ማን ይቀየማታል።

ጿሚም ናት። ይህን ደግሞ እኔ ባልነግራችሁ እሷው ትነግራችኋለች፣ ሳትጠየቅ። ጾሟን እንደ ጸሎቷ በሆዷ ይዛ መዋል አይሆንላትም። ጠዋት በር ላይ ላገኘችው ዘበኛ «እኔ ዛሬም ምንም ሳልቀምስ ነው የወጣሁት» ብላ ካልነገረች ጾሙ የተመዘገበላት አይመስላትም። ዘበኛውም «አይዞሽ እታለም፣ ያበርታሽ» ይላል። ምን ይበል ታዲያ?

አንዲት ታናሽ እህት አለቻት። የተማሪ ደንብ ልብስ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ታናሽ የታላቋን ዱካ እየተከተለች እሷ የሠራችውን ልትሠራ ስትታገል፣ ታላቅ ደግሞ «ተይው፣ አንቺ አትችይውም» ስትላት ነው የኖሩት። ገመድ ዝላይም ይሁን፣ ዋናም ይሁን፣ ትዳርም ይሁን። እታለም ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ልማድ ሆኖባት ነው። ታናሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንድ ሴት ልጇ ጋር ትኖራለች፤ ስኳር በሽታ ከያዛት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ክኒን ትውጣለች።

የዘንድሮው ነገር የመጣው በስልክ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ስቴቶስኮፕ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ በቪዲዮ ብቅ ብሎ፣ «በሰውነታችሁ ውስጥ የሃያ ዓመት መርዝ ተጠራቅሟል» ይላል። ዲቶክስ የሚባል ነገር አለ ይላል። ዘጠኝ ቀን በውሃ ብቻ ከጾማችሁ ጉበታችሁ ይታጠባል፣ ደማችሁ ይጠራል፣ ነፍሳችሁ ትቀላለች፣ ስኳር እንኳ ሳይቀር ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል ይላል። እታለም ቪዲዮውን ሰባት ጊዜ አየችው። ለነፍስም ለሥጋም የሚሆን ጾም በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሆነባትና ልቧ ተነሣ። ወዲያው ለካፍቴሪያው ሰው ሁሉ አወጀች።

የፋብሪካው ነርስ ምሳዋን ልትወስድ መጥታ ይህን ስትሰማ ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እታለም፣ ለፈጣሪሽ ከሆነ ጹሚ፣ ማን ይከለክልሻል? ጉበቴን አጥባለሁ ብለሽ ግን አትጹሚ። አጣቢው እኮ ራሱ ጉበት ነው፤ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ያጥባል። የሃያ ዓመት መርዝ ቢጠራቀምብሽማ ኖሮ ይሄኔ የት ነበርሽ?»

«አንቺ ደግሞ መርፌ ካልተወጋ ሰው የሚድን አይመስልሽም» አለች እታለም። ወረፋ የያዙት ሳቁ። ነርሷም ሳቀች፣ ግን ሳህኗን ስታነሣ ራሷን እየነቀነቀች ነበር።

ሰኞ ተጀመረ። ጠዋት ጸልያ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥታ፣ ሽርጧን አስራ ሥራዋን ገባች። አራት ትላልቅ ድስት በጋዝ ምድጃ ላይ ተጥዷል፤ የአትክልት ሾርባ፣ ምስር፣ ድንች በስጎ፣ ሩዝ። እታለም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረች ታማስላለች፣ በጭልፋ ጫፍ ቀድታ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ ፉት ትላለች፣ «ጨው» ትላለች፣ «ትንሽ ይቆይ» ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራችው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ለሌላው ቀድታ፣ ለራሷ ሳትቀዳ፣ ውሃዋን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ያየ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። በሦስተኛው ቀን ረሃቡ ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ጉልበቷ በረታ፤ የሩዝ ከረጢት ብቻዋን አነሣች። «ይሄ ጸጋ ነው» አለች፤ ዕንባዋ መጣ። እውነቷን ነበር፣ አላስመሰለችም። ከልቧ አምና ነው ያለቀሰችው።

ሰባተኛው ቀን እሁድ ነበር። ያን ቀን ካፍቴሪያው ዝግ ስለሆነ ቤቷ ዋለች፤ ዋለች ከተባለ። ከቀትር ጀምሮ ቤቱ ይዞርባት ጀመር። ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ሶፋው ላይ ተዘርራ ጣራ ጣራውን ስታይ ዋለች። እህቷ ስልክ ደውላ «ምነው ድምፅሽ?» ስትላት፣ «አትስጊ፣ መርዙ እየወጣ ነው፣ ሰውዬው ብሏል» አለቻት። ሰኞ ሥራ ገባች፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ተሻላት። ማክሰኞ ጨረሰች። ዘጠኝ ቀን፣ በውሃ።

በሚቀጥለው እሁድ እሷና እህቷ የሚሄዱበት የሴቶች የጸሎት ስብሰባ ላይ ምስክርነት እንድትሰጥ ጠሯት። ስልሳ ሴት ቁጭ ብሏል። እታለም መቼም አንደበት አልተነፈገችም፤ ቆማ አንድ በአንድ ተረከችው። ረሃቡ እንዴት እንደጠፋ፣ ከረጢቱን እንዴት እንዳነሣች፣ በሰባተኛው ቀን መርዙ በላብ እንዴት እንደወጣ። «ስኳር ያለባችሁ፣ ግፊት ያለባችሁ፣ ይሄ ነገር ለናንተ ነው» አለች። ይህን ከየት አመጣችው? ከሰውዬው ነው። ግን ከአፏ ሲወጣ የራሷ ሆነ። ሴቶቹ አለቀሱ። እህቷ ከሦስተኛው ረድፍ ዐይኗን ሳትነቅል ታያት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ እታለም መንገድ ላይ ስታልፍ ሴቶች ከበራቸው ብቅ እያሉ «እባክሽ ጸልዪልኝ» ይሏት ጀመር። ደስታዋን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ልቧ አበጠ።

ሰኞ ነርሷ መጣች። ነገር ፍለጋ አልነበረም የመጣችው፤ ግራ ገብቷት ነው።

«እታለም፣ እኔ እኮ ዘጠኝ ቀን በውሃ ብቻ የቆየ ሰው አይቻለሁ። እንዳንቺ ከረጢት አያነሣም። የባሰብሽ ቀን የትኛው ነበር?»

«እሁድ።»

«ከእሁድ ሌላ?»

«ሌላ ቀን ምንም አልሆንኩም። ሰኞ ጠዋት ትንሽ አንገዳግዶኝ ነበር፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ለቀቀኝ።»

ነርሷ ድስቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «እሁድ ወጥ ቤት ትገቢያለሽ?» አለቻት ቀስ ብላ።

እታለም ጥያቄው የት እንደሚሄድ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች። «ቅምሻውን ነው? ቅምሻ እኮ አይቆጠርም። ሳልቀምስ ሦስት መቶ ሰው ላበላ ነው?»

«አይቆጠርም ካልሽ አንድ ቀን እንቁጠረው» አለች ነርሷ።

እታለም እልኸኛ ናት። አፍንጫሽን ላሺ ብትላት ይቀላት ነበር፤ «እንቁጠረው» አለች፣ ነርሷን በሰው ፊት ለማሳፈር ብላ። ማክሰኞ ጠዋት ሽንኩርት የምትልጠዋ ሴትዮ ሥራዋን ተወችና ነጭ ባልዲ ይዛ ከኋላዋ ቆመች። ይቺ ሴትዮ አሥራ ስድስት ዓመት ከእታለም ጋር ስትሠራ ከአሥራ ስድስት መቶ ቃል በላይ አልተናገረችም። እታለም አንድ በቀመሰች ቁጥር እሷ በዚያው ጭልፋ ያንኑ ያህል ቀድታ ባልዲው ውስጥ ትጨምራለች። ድንች በስሏል ወይ ብላ አንዷን ቆርጣ አፏ ስታደርግ፣ አንድ ቁራጭ ወደ ባልዲው። ሩዙን ከየትሪው አንዳንድ ማንኪያ ስትቀምስ፣ አንዳንድ ማንኪያ ወደ ባልዲው። እታለም መጀመሪያ ላይ እያየች ቀመሰች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሥራው ያዛትና ረሳችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ነርሷ መጥታ ባልዲውን በሳህን ገለበጠችው። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሾርባና ምስር፣ ሦስት ደህና ደህና ድንች የሚወጣው ቁርጥራጭ፣ አንድ ሰው ጠግቦ የሚነሣበት ሩዝ። ገና ለከሰዓት ተረኞች የሚሠራው አለ።

«ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለች እታለም። ወደ ሽንኩርት ላጯ ዞረች። «አብዝተሽ ነው የቀዳሽው።»

«አሳንሼ ነው የቀዳሁት» አለች ሴትዮዋ።

እታለም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ሰው ሲዋሽ ተይዞ ቢያፍር አንድ ነገር ነው። እሷ አልዋሸችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እጇ ከድስት ወደ አፏ ሲመላለስ ዐይኗ አላየውም ነበር። ምስጋና ያቀረበችው፣ ያለቀሰችው፣ በስልሳ ሴት ፊት ቆማ ያወራችው፣ ከማንም እኩል እየበላች ነው። ከረጢቱን ያነሣችው በምስርና በድንች ጉልበት ነው። ፊቷ እሳት ሆነ። ሳህኖቹን በሻሽ ሸፈነቻቸው፣ የሞተ ነገር ይመስል።

«እኔ ለማንም አልናገርም» አለች ነርሷ። «ስህተት ነው፣ የሥራሽ ጣጣ ነው። ግን ምስክርነት የሰጠሽበት ቦታ ሄደሽ አስተካክዪው። አንዷ በሽተኛ ሰምታሽ ብትጀምርስ?»

«እሁድ እነግራቸዋለሁ» አለች እታለም። ልትነግራቸውም ቆርጣ ነበር። ሐሙስ ማታ እንዴት እንደምታወራው ስታሰላስል አመሸች፤ እንዲያውም ቀልድ አድርጋ ልታወራው፣ ራሷን ልታስቅበት አሰበች። ቀላል ነው፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ያልፋል።

እሁድ ግን ገና ከመግባቷ ሰብሳቢዋ ሴትዮ እጇን ይዛ ወደ ፊት አወጣቻት። «ደስ የሚል ዜና አለ» አለች ለስልሳው ሴት። «የእታለም ጾም ፍሬ አፍርቷል። ሦስት እህቶቻችን ነገ ሊጀምሩ ነው። ኑ፣ ውጡ።» ከኋላ አንዲት ሕፃን ያዘለች ወጣች። ከመሐል አንዲት ጡረተኛ መምህርት ወጣች። ከሦስተኛው ረድፍ እህቷ ወጣች።

«እንግዲህ ምከሪያቸው» አለቻት ሰብሳቢዋ።

እታለም አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ ያሰበችው ቀልድ የት እንደገባ አላውቅም። ስልሳ ጥንድ ዐይን ያያታል፤ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቀድመው ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ከአፏ የወጣው «ውሃ በደንብ ጠጡ» የሚል ነበር። «አይዟችሁ፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይቀላል» አለች ጨምራ። አዎ፣ ጨምራ። ይህ የጨመረችው ነገር በኋላ ስንት ቀን እንቅልፍ አሳጣት።

ስብሰባው ሲበተን እህቷን ጥግ ይዛ ለማስተው ሞከረች፤ ግን እንዴት አድርጋ ታስተዋት? እውነቱን ሳትነግራት ነዋ።

«አንቺ ስኳር አለብሽ፣ ተይው ይቅርብሽ» አለቻት።

«ስኳር ያለባችሁ ይሄ ለናንተ ነው ያልሽው ማን ነበር?»

«እሺ ሦስት ቀን ይበቃሻል። ዘጠኙን አትችይውም።»

እህቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለራስሽ ዘጠኝ፣ ለኔ ሦስት» አለች። «ሁሌም እንዲሁ ነሽ እታለም። አንድ ጊዜ እንኳ አንቺ የቻልሽውን ልቻል፣ ምን አለበት?» ትታት ሄደች። እታለም ተከትላ ሮጣ፣ ክንዷን ይዛ፣ «እኔ አልቻልኩትም» ማለት ነበረባት። አራት ቃል አይሞላም። ቆማ አየቻት፣ እስክትታጠፍ።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እየደወለች «እንዴት ነሽ?» ትላለች። እህቷ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው የሚያዞረኝ» ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ እታለም ለራሷ ትምላለች፤ ነገ እነግራታለሁ። ድስቱ ላይ ቆማ ጭልፋ ወደ አፏ ባስጠጋች ቁጥር ሳትቀምስ መልሳ ትደፋዋለች፤ የካፍቴሪያው ሰው ያን ሳምንት ሾርባው ጨው በዛበት ብሎ አጉረመረመ። ነርሷ አንድ ቀን «ነገርሻቸው?» ብላ ጠየቀቻት። «አዎ» አለች እታለም፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የእህቷ ልጅ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል። እናቷ ስፌት ቤት ውስጥ ማሽኑ ላይ ወድቃለች፤ ክሊኒክ ወስደዋታል። እታለም ጭልፋውን ለሽንኩርት ላጯ ሰጥታ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች። ስትደርስ እህቷ ግሉኮስ ተሰክቶላት ነቅታለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አምስት ቀን ውስጥ ጉንጯ ሟሟ። ሐኪሙ በሩ ላይ ጠራት።

«ልጅቷ እንዳታቋርጥ ብላ ክኒኑን ጠዋት ጠዋት እየቆመች ታስውጣት ነበር። ክኒኑ አለ፣ ምግብ የለም፤ ስኳሯ ወርዶ ወርዶ ነው የወደቀችው። እዚህ ትደር አልኩ፣ እምቢ ብላ ፈርማለች። ዛሬ ካልበላች ደግማ ትወድቃለች። ሁለተኛው ላይ ላንደርስላት እንችላለን። በኃላፊነት የምታበላት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች እታለም።

ቤት አስገቧት። አልጋዋ ላይ ደግፈው አስተኟት። እታለም እህቷ ማድ ቤት ገብታ ድንችና ካሮት ከትፋ ሾርባ ጣደች። ሲፈላ ጭልፋውን አነሣች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ እጇ ወደ አፏ ሲወጣ ያዘችው። ያን ያህል ዓመት የሷ ያልሆነ እጅ ይመስል ትኩር ብላ አየችው። ሳትቀምስ ቀዳች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ «አክስቴ፣ አንቺን ነው የምትሰማው። እባክሽ» አለቻት።

እህቷ ሳህኑን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«አራት ቀን ነው የቀረኝ።»

«የምን አራት ቀን ነው? ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም?»

«ሐኪም ምን ያውቃል? አንቺስ በሰባተኛው ቀን ተዘርረሽ አልዋልሽም? መርዙ እየወጣ ነው አላልሽኝም? የኔ በአምስተኛው ወጣ፣ በቃ። ነገ ይለቀኛል።» ትንፋሽ ወሰደች። «አንቺ ብትሆኚ ትተዪው ነበር?»

እታለም ማንኪያውን ይዛ ተቀመጠች። ራሷ የተናገረችውን ነው የምትሰማው፣ ቃል በቃል። ልትቆጣ አሰበች፤ በቁጣ ሦስት መቶ ሰው ያበላች ሴት ናት። ልታለቅስ አሰበች። ሁለቱም እንደማያዋጣ ገባት። ከልጅነቷ ጀምሮ እኩል ልሁን ብላ የምትታገላትን ሴት የሚያስበላት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እኔ አልጾምኩም» አለች።

«ምን?»

«አልጾምኩም። ስበላ ነው የከረምኩት።» ስለ ድስቶቹ፣ ስለ ቅምሻው፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ሁለቱ ሳህን ሾርባና ስለ ሦስቱ ድንች ነገረቻት። «እሁድ የታመምኩት መርዝ ወጥቶ አይደለም። ያን ቀን ወጥ ቤት ስላልገባሁ ራበኝ፣ ሌላ አይደለም። አንድ ቀን ነው የጾምኩት። እሱንም አልቻልኩትም።»

የእህቷ ሆድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እታለም ደንግጣ ልትይዛት ነበር፤ ለካስ እየሳቀች ነው። በደረቀ ከንፈሯ፣ ድምፅ በሌለው ሳቅ። «አንቺ ሆዳም» አለቻት። «ጸጋ ነው ብለሽ አለቀስሽ እኮ። በምስር?»

«በምስርና በድንች።»

«እኔ አምስት ቀን ሙሉ... በይ ቀና አድርጊኝ። አምጪው።»

እታለም ትራሱን ደገፈችላት፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አደረገችላት። እህቷ አንድ ማንኪያ ዋጠች፣ ሁለት ዋጠች። ሦስተኛው ላይ ጉንጯ ትንሽ ደም መሰለ። እታለም ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰች። በሩ ላይ ልጅቷ ዐይኗን ትጠርጋለች። አለቀ፣ አለፈ፣ አለች እታለም በሆዷ። ቀላል ነበር። እንዲህ ቀላል ከሆነ ምን አስፈራኝ?

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች እህቷ፣ አራተኛውን ማንኪያ እየቀዳች። እንዲሁ ለወሬ ያህል ነበር የጠየቀቻት፣ ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም።

እታለም ዛሬ ብትል ያምኗታል። ነርሷ እዚህ የለችም፣ ሽንኩርት ላጯ አትናገርም። ትናንት ብትልም ያምኗታል። አንዲት ቃል ናት፣ ቃሏም አፏ ላይ ደርሳለች። ግን የእህቷን ክንድ አየችው፤ ግሉኮሱ የተሰካበት ቦታ ጠቁሮ አብጧል።

«ከመጀመርሽ በፊት» አለች። «ስድስት ቀን ሲቀረው። ማክሰኞ።»

ማንኪያው ሳህኑ ላይ ቆመ።

«በዚያ እሁድ» አለች እህቷ ቀስ ብላ፣ እያስታወሰች፣ «ከፊታችን ቆመሽ ውሃ በደንብ ጠጡ ስትዪን...»

«አውቅ ነበር።»

«ጥግ ይዘሽ አትችይውም ስትዪኝስ?»

«አውቅ ነበር። አፈርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት... አፈርኩ።»

እህቷ ከዚያ በኋላ አላያትም። በላች። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ሳህኑ ብቻ እያየች ጨረሰችው፣ የድንቹን ፍርፋሪ ሳይቀር። እታለም ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሲበላ እያየች ስትኖር አንድም ቀን እንዲህ አፍራ አታውቅም። ሳህኑን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ እህቷ ግን ከሷ አሳልፋ ለልጇ ሰጠቻት።

«አሁንም እዚህ ተቀምጠሻል?» አለቻት።

«የት ልሂድ? ላድር እኮ...»

«እኔ በላሁ። ሁለቱስ?»

እታለም ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ብድግ አለች። ሕፃን ያዘለችው። ጡረተኛዋ መምህርት። አምስት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ አላሰበቻቸውም። አንድም ጊዜ ስልክ አንሥታ እንዴት ናችሁ አላለቻቸውም። የራሷን እህት ስትፈራ፣ የራሷን ስም ስትፈራ፣ ሁለት ሰው ጭራሽ ከሐሳቧ ወጥተው ነበር።

«ያቺ እኮ ታጠባለች» አለች እህቷ ወደ ግድግዳው ዞራ። «ሂጂ።»

ወጣች። የመምህርቷ ቤት ይቀርባል፣ የምታጠባዋ ግን ትብሳለችና ወደዚያ ሄደች፤ ሽርጧ አሁንም ወገቧ ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊ በር። ስታንኳኳ የከፈተችላት ራሷ ናት፤ ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ያለቅሳል፣ እሷ ደግሞ ነጭ ወረቀት መስላለች፣ በሩን ይዛ ነው የቆመችው። እታለምን ስታይ ፊቷ በራ።

«ያልኳችሁ እሷ ናት» አለች ወደ ሳሎኑ ዞራ። «ልታበረታኝ መጣች።»

ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። ባልዮው አለ፣ አማትየዋ አሉ፣ ጎረቤቶች አሉ፤ እሷን እንድትበላ ሊለምኗት ተሰብስበው ኖሯል፣ አልሰማ ብላቸው። እንግዳዋን ሲያዩ ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሡላት፤ አማትየዋም ጉልበታቸውን ይዘው፣ በግድ፣ ተነሡ። «ኖር፣ ግቢ፣ ልጄ» አሏት። ወንበር ለቀቁላት።

እታለም አልገባችም። ደፉ ላይ እንደቆመች፣ ሰዎቹም በአክብሮት እንደቆሙላት፣ «እኔ አልጾምኩም» ብላ ጀመረች።